አስራ አንድ ቀይ ቁልፍ

ከደሴ ወረድኩኝ ሐረጎን ተጉዤ፣
የቴክኒክ ዲፕሎማ ደረቴ ላይ ይዤ።
ጋሽ አሊጋዝ ይማም ወረቀቴን ሳያይ
አንድ ነገር ጠየቀኝ ቆሞ መሰላል ላይ፦
«ሲሪየስ እሚሉት፣ ምን ጥቅም አየህበት?»
የደብተሬን መልስ ሳልተነፍስ አልኩት፦

«ምንም። አንዱ አምፖል ሲሞት ሁሉም ይጨልማል፤
በርቶም ቢሆን ይፈዛል፣ ኃይሉን ይካፈላል።
ፓራለል ይሻላል፣ ሁሉም በየራሱ፤
ጎረቤት ቢቃጠል ምን ገዶት ነው እሱ!»

ወረደ። ከኪሱ ባትሪውን አወጣ፤
አራት ድንጋይ ካፏ ጠብ ጠብ እያለ መጣ።
«ያንዱ አንድ ተኩል ነው፣ ጅብ አያስደነብር፤
ራስ ከጭራ ገጥመው ሲሰለፉ በመስመር
ስድስት ቮልት ይሆናል፤ ሐረጎን በጨለማ
በእግርህ ያወጣሃል፣ ጉሙ እንኳ ባይስማማ።
ጎን ለጎን ቢተኙ ዕድሜ ነው ትርፋቸው፤
ቁመት አይጨምርም ሺ ቢሆን ቁጥራቸው።

ያቺ መቶ ሻማ ደግሞ የኔ በረኛ፣
የጠረጠርኩት ሞተር ሲመጣ በሽተኛ
ከፊቱ ትቆማለች። ሽቦው ከተነካካ
ቦግ ብላ ትነግረኛለች፣ ፊውዙን ሳታስነካ።»

አላሳመነኝም።
ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሁሉን አውቄዋለሁ።

ወደ መፍተያው ወሰደኝ። ሠላሳ ርምጃ ማሽን፣
ከጫፍ እስከ ጫፉ አስራ አንድ ቀይ ቁልፍ፣
ከአንዱ ገብታ ወጥታ በሁሉም ሆድ የምታልፍ
አንዲት ቀጭን ሽቦ።
«እስቲ እነዚህን ፓራለል አርግና፣
አንዷ ስትቋረጥ አስሩ ይላሉ ‹ደህና›፤
ማሽኑም አይቆምም» አለኝ። እኔም ጻፍኩት።
ጻፍኩት እንጂ ያኔ ልቤ ውስጥ አልከተትኩት።

ሰኔ ነው። የሌሊት ፈረቃ። ውጭ ዝናብ ይወርዳል፤
የጥጥ ብናኝ እንደ ጉም አምፖሉን ሸፍኗል።
የእንጉዳይ ሻሽ ጫፍ በሮለር ተያዘ፤
ጎተተው አንገቷን፣ ድምጿም ተጋገዘ
በዚያ ሁሉ ጩኸት።
እጇ ተዘርግቶ፣ ፊቷ ካለው ቁልፍ
በአንድ ጣት ቀረ።

ያየቻት ጦይባ ናት፣ ከወዲያኛው ጫፍ።
አልሮጠችም። ስሟንም አልጠራች።
በመዳፏ መታች የራሷን ቁልፍ፣
አስራ አንደኛውን።

ቀጥ።
አራት መቶ እንዝርት በአንድ ትንፋሽ ዝም፤
የቦርከናን ሙላት ለመጀመሪያ ጊዜ
ከዚያ ቤት ውስጥ ሆኜ ሰማሁት።
ጋሽ አሊጋዝ ሻሹን በሽቦ መቁረጫው ቆረጠ፤
አንገቷ ላይ ክር የመሰለ መስመር ብቻ ቀረ።
ማንም ሲሪየስ የሚል ቃል አላነሳም።
እኔ መሬቱ ላይ ተቀምጬ ጣቶቼን እቆጥር ነበር።

አሁን ቅዳሜ ማታ ወደ ደሴ ስወጣ
የከተማው መብራት ጦሳ ሥር ተበትኖ ይታየኛል።
ለመብራትማ ፓራለል ነው፤ አልከራከርም፤
ያንዱ አምፖል ሲቃጠል የሌላው ልጅ ጥናቱን አያቋርጥም።
ብቻ አምና፣ ሙጋድ፣ ከግንባችን ጀርባ
የእማማ ዘምዘም መብራት ጠፋ።
ሁለት ሌሊት።
የኛ ቦግ እንዳለ ነበር። አላወቅንም።
ከጓዳው ደፍ ላይ ወድቀው ነበር።

ተርፈዋል፣ በከዘራ ይሄዳሉ።
በሁለቱ ግንብ መሀል አንዲት ቀጭን ሽቦ ዘረጋሁ፤
ብርሃን አትሰጥም፤
እሳቸው ጋ ስትቋረጥ፣ እኔ ጋ ደወል ትጮሃለች።
እማማ ግን ወጪዬን እያሰቡ ይቆጣሉ፦
«ይሄ ሁሉ ጣጣ! ስንት ጥቅል ፈጀብህ?»

አንዲት ናት፣ እማማ።
ሄዳ የምትመለስ።